ዳሌዬ ያቆመኝ ቦታ

አባቴ በቅሎው ላይ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ይል ነበር፤ «ጌታዬ፣ መውጣቱን ሰጥተኸኛል፤ የመውረዱን ነገር አደራ።» ልጅ ሳለሁ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። ሰው ለመውጣት ይጸልያል እንጂ ስለ መውረድ ምን አስጨነቀው? መውረድ ማለት እኮ መልቀቅ ነው፤ የቀረውን መሬት ራሷ ትጨርሰዋለች። እናንተም ዳሌያችሁ ጤነኛ ከሆነ እንዲሁ ነው የምታስቡት፤ አልፈርድባችሁም። ጤነኛ ዳሌ ያለው ሰው ዳሌ እንዳለውም አያውቅም። ዳሌ ትዝ የሚለው ወይ ልብስ ሰፊ ሲለካው ነው፣ ወይ ሲያመው። እኔን ደግሞ ልብስ ሰፊ ከለካኝ ቆይቷል።

ትምህርቴን ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊደል ለይቼ አድራሻ ማንበብ ግን አያቅተኝም፤ ያችው ትንሽ ንባብና አንዲት ሞተር ብስክሌት ተደጋግፈው እኔንና አራት ልጆቼን ያኖሩን ነበር። ዘመኑ ሁሉም ሰው ጓድ የሆነበት የደርግ ዘመን ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበርኩ። ጠዋት ከአፍንጮ በር ከቤቴ እመጣለሁ፣ ቦርሳዬን እሞላለሁ፣ ፒያሳን ሽቅብ ቁልቁል ስል እውላለሁ። ቀኝ ዳሌዬ መጀመሪያ ቆረጠመኝ፤ ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ነከሰኝ፤ ጠበል ገባሁ። በኋላ ጭራሽ ልክ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታዘዝ አለኝ፤ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች።

«መጋጠሚያው አልቋል ይልሃል» አለችኝ።

«የምኑ?»

«የዳሌህ። አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋጨው። እሱን አውጥቶ ብረት ያስገባልሃል። ብረቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ወረፋም አለ። ተራህ ሲደርስ በደብዳቤ ትጠራለህ። እስከዚያ ሞተር እንዳትነዳ ይልሃል።»

«እሺ በይው» አልኳት። ከሆስፒታሉ ግቢ የወጣሁት በሞተሬ ነው።

ምን ላድርግ? በዚያው ዓመት ዓይኑ መድከሙን በቅንነት የተናገረ አንድ ሹፌራችን ወር ሳይሞላው ተሰናብቷል። ሞተር የማይነዳ ሞተረኛ ምን ይሠራል? መዝገብ ቤት እንዳልገባ ትምህርት የለኝ፤ ዘበኛ እንዳልሆን ዘበኛም በእግሩ ነው የሚቆመው። እንግዲህ ያለኝ አማራጭ ብረቱ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ድረስ ዳሌዬን መደበቅ ነበር። የሰዉን ሁሉ ደብዳቤ እያደረስኩ የራሴን ደብዳቤ መጠበቅ ጀመርኩ።

መደበቅ ደግሞ ሥራ ነው፤ ከዋናው ሥራ ይከብዳል። ሞተር የሚነሳው በቀኝ እግር ተረግጦ ነው፤ እኔ ስረግጥ የሚጮኸው ሞተሩ ሳይሆን ዳሌዬ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ማቆም ተውኩ። ምስጋና ለአራዳ ይሁንና ቁልቁለት ሞልቷል። የትም ብሄድ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሬ አቆማታለሁ፤ ስመለስ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ የሱሪዬን ጉልበት በእጄ ይዤ፣ እግሬን እንደ ሰው ዕቃ አንስቼ አሻግረዋለሁ፤ ከዚያ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮን ይዤ፣ ቁልቁል እለቃታለሁ። ፍጥነት ስትይዝ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ትነሳለች። አንዳንዴም ደስ ሲለኝ ሳላስነሳት መሥሪያ ቤት በር ድረስ እንንሸራተታለን።

ቤንዚን የምታድለው ወይዘሮ አስካለ ይህን አታውቅም። የምታውቀው ኩፖኑን ነው።

«አንተ ዘለቀ፣ ለዚች ሞተር ምንድን ነው የምታጠጣት?» ትለኛለች።

«ጠበል» እላታለሁ።

«እንግዲያው ለእኛም ጀሪካን ሙላልን።»

ቁልቁለቱ እንዲህ ሲያስመሰግነኝ ዳገቱ አጋለጠኝ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወጥቼ ፒያሳ ያለው ደብር አጠገብ ስደርስ ዳሌዬ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆልፋል። ለምን እዚያ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እወርዳለሁ፤ መውረድ ከተባለ፤ አወራረዱን ተዉት፤ ሞተሬን አስደግፌ ግንባሬን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ አደርግና ጥርሴን ነክሼ እስኪለቀኝ እጠብቃለሁ። ነጠላ የለበሱ እናቶች ሲያልፉ «ጸሎትህን ይስማልህ ልጄ» ይሉኛል። «አሜን» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ የምጸልይ ሰው ነኝ፤ ያለሱ ቀኔ አይነጋም። በዚያ አጥር ሥር ግን አንድም ቀን አልጸለይኩም። ዳሌዬን እየረገምኩ ነበር። አጥሩ በሚያልቅበት ማዕዘን ላይ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ብቻ ምንም አይሉኝም። ያዩኛል፣ ጧፋቸውን ያስተካክላሉ፣ ደግመው ያዩኛል።

የሚያዩኝ ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤታችን ሂስና ግለ ሂስ ነበረው። ያ ዘመን ላልደረሰባችሁ፣ አንዱ ተነስቶ የሌላውን ጥፋት ይናገራል፣ ባለጥፋቱም ተነስቶ በሰው ፊት ጥፋቱን ያምናል። እንደ ንስሐ ነው። ልዩነቱ፣ ካህን ምስጢር ይጠብቃል፤ እዚያ ግን ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሊቀመንበሩ ጓድ ተፈራ የሚባል፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነበር። ክፉ ነው አልልም። እርሳሱ ግን ክፉ ነበር፤ የጻፈው አይጠፋም።

ያን ረቡዕ አስቀድማ የተነሳችው አስካለ ናት። «ጓድ ዘለቀ ከሞተረኛ ሁሉ ያነሰ ቤንዚን ነው የሚወስደው» አለች፤ «ለኮከብ ሠራተኛነት እጠቁመዋለሁ።» ተጨበጨበልኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስነሳ ምን እንደምይዝ አስባለሁ።

ጓድ ተፈራ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና ወረቀቱን ገለጠ። «መልካም። ይኸው ጓድ ግን የመንግሥት ሞተር አቁሞ፣ የመንግሥት ደብዳቤ በትከሻው አንጠልጥሎ፣ አጥር ተደግፎ ሲሳለም አይቼዋለሁ። አንድ ቀን አይደለም። መሳለም አልከለከልንም። በማን ሰዓት ነው ግን? ጓድ ዘለቀ፣ ይነሱና ያስረዱን።»

«ቤንዚኑን የሚሞላለት እግዜር ይሆናላ» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ ሆነ። ጓድ ተፈራ ቀና ሲል ሳቁ ቆመ።

ጠረጴዛውን ይዤ ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። «ዳሌዬ ነው» ካልኩ ሞተሯ ዛሬውኑ ትሄዳለች፣ እኔም እንደ ሹፌሩ እከተላታለሁ። «እምነቴ ነው» ካልኩ ደግሞ ስሜ እርሳሱ ጫፍ ላይ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ስም እንዲህ ባለ ነገር ሲጻፍ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ዳሌዬ ደግሞ ቶሎ በል ይለኛል፤ መቆም አልቻለማ።

«ጥፋቴ ነው» አልኩ። «መሳለም ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት እዚያ አጥር ሥር አልቆምም።»

ተጻፈ። ተቀመጥኩ። ያልጸለይኩትን ጸሎት ተናዘዝኩላችሁ። ስለ እምነታቸው የተቀጡ ሰዎች በነበሩበት ዘመን፣ እኔ የእግዚአብሔርን ስም የዳሌዬ መሸፈኛ አደረግሁት። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ለጸሎት ቆምኩና «አባታችን ሆይ» ብዬ ቀጣዩ ቃል አልመጣልኝ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል።

ከዚያ በኋላ ሳልቆም ማለፍ ሆነ። ሁለት ሳምንት ያህል አጥሩ ጋ ስደርስ ዓይኔን ፊት ለፊት ተክዬ፣ ከንፈሬን ነክሼ አለፍኩ። «ጸሎትህን ይስማልህ» ይሉኝ የነበሩት እናቶች አጥሩ ሥር ሲያጡኝ እምነቱን ተወ ብለው ሳያዝኑብኝ አልቀሩም።

ሐምሌ ነበር። «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ አድርሼ ስመለስ ዝናቡ ያዘኝ። አጥሩ ጋ ስደርስ ዳሌዬ እንደ ልማዱ ቆለፈ፤ ያን ቀን ግን ከወትሮው ይብሳል፣ እግሬ ከነጭራሹ የእኔ አልመስል አለኝ። ልቆም አሰብኩ። በመስታወቴ ሳይ ከኋላዬ ላንድሮቨር ይመጣል፤ ቀለሙ የመሥሪያ ቤታችን ነው። ጓድ ተፈራ ይኑርበት አይኑርበት በዝናቡ አይታይም። አልቆምም ብዬ አስጽፌያለሁ። አለፍኩ።

ልብ በሉ፤ የኋላው ፍሬን የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። መንገዱ ቁልቁል መሆን ሲጀምር እግሬን ፍሬኑ ላይ እንዲወጣ አዘዝኩት፤ አልወጣም። ከፊቴ ጥላ የያዙ ሰዎች ያቋርጣሉ። ደግሜ አዘዝኩት፤ እምቢ። ያለኝ የእጁ ፍሬን ብቻ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ የፊቱን ጎማ ብቻውን መያዝ ምን እንደሚያደርግ ሞተር የነዳ ያውቀዋል። ያዝኩት። ሞተሯ በጎኗ ተኛች፤ እኔም አብሬ ተኛሁ፤ ተያይዘን እየተንሸራተትን ወደ አጥሩ ማዕዘን፣ ባልቴቷ ወደተቀመጡበት ሄድን። ፊታቸውን አየሁት። ሊነሱም አልሞከሩም፤ ጊዜውም አልነበራቸውም። «አደራ» የምትለዋ የአባቴ ቃል ብቻ ናት ከአፌ የወጣችው።

መሪው ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ጧፋቸው በጎርፉ ላይ ተንሳፈፈ። ላንድሮቨሩ ውኃ እየረጨብን አለፈ። የእኛ አልነበረም።

እየተንፏቀቅሁ አጥሩ ጋ ደረስኩና ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁት፤ ሌላ የማውቀው ቦታ የለኝም። «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አልኩ። ባልቴቷ ነጠላቸውን ከጭቃው ሰብስበው ተናገሩ። ያሉኝን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ብቻ በማግስቱ ጠዋት የጓድ ተፈራን ቢሮ አንኳኳሁ።

የሆስፒታሉን ወረቀት ፊቱ አስቀመጥኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። አንብቦ ሲጨርስ እርሳሱን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?»

«ሞተሯን እንዳትወስዱብኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ውሰዷት። ሰው ልገድልባት ነበር።»

ወረቀቱን እንደገና አነበበው። ሳስበው ቃለ ጉባኤውን እንዴት እንደሚያርም ሳይጨንቀው አልቀረም። ሞተሯ የዚያኑ ቀን ተወሰደች። እኔ ደግሞ የስንብት ደብዳቤዬን ስጠብቅ፣ ገቢ ደብዳቤ የምቀበልበት ወንበር በሩ አጠገብ ተቀመጠልኝ። ማን እንዳዘዘው አልተነገረኝም፤ ወንበሩ ግን ከሊቀመንበሩ ቢሮ የወጣ መሆኑን አውቄዋለሁ። ኮከብ ሠራተኛነቱ ቀረ። ሞተሬን የተረከበው ጤነኛ ዳሌ ያለው ሰው በመጀመሪያው ወር የእኔን እጥፍ ቤንዚን ወስዶ ረቡዕ ላይ ተሄሰ። እንግዲህ የበጋውን ወራት ከወንበሬ ሆኜ ደብዳቤ ስቀበል፣ አንድ ቀን ይኸው ሰው ከቦርሳው አንድ ፖስታ አወጣና «ይሄ ያንተ ነው» አለኝ። ብረቱ መጥቶ ነበር።

ዛሬ ብረቱ በውስጤ አለ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። በእግሬ እሄዳለሁ፣ ትንሽ እያዘገምኩ። ጸሎቴም ከጓድ ተፈራ ቢሮ በወጣሁ በማግስቱ ተመልሶልኛል፤ «አባታችን ሆይ» ስል ቀጣዩ ቃል ራሱ መጣ። በዚያ ደብር ባለፍኩ ቁጥር እቆማለሁ፤ የሚያቆመኝ ዳሌዬ አይደለም። ባልቴቷን ግን ከሆስፒታል ስወጣ ብፈልጋቸው ቦታቸው ላይ አልነበሩም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ያን ቀን በዝናቡ፣ ጧፋቸው በጎርፍ ሲሄድ ዞረው ሳያዩት፣ የነገሩኝ ይህን ነው፦

«ልጄ፣ እግርህን ልታሳርፍ እንደምትቆም ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ከቆምክ አይቀር ግን፣ እግዚአብሔርንም ሰላም በለው።»