የትራክተሩ ወንበርና የአያ ሙላት ወገብ

መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ወንበሩን መደበቅ ነው። አትሳቁ፤ ዞር ብላችሁ እዩ። ፋብሪካው ተጠቦ የሠራው ወንበር ከነላስቲኩ ይመጣል። ላስቲኩ እንዳይቀደድ በላዩ ላይ የሌዘር ልብስ ይሰፋለታል፤ ሌዘሩን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጨርቅ ይደረብለታል፤ ጨርቁ አቧራ እንዳይጠጣ ደግሞ ፎጣ ጣል ይደረግበታል። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ በሚያዝያ ወር ጥላ ሥር የዋለ ብረት እንኳን በባዶ እጅ በማይነካበት አገር፣ አራት ልብስ የደረበ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል። ሰውዬው በላብ ይታጠባል፤ ወንበሩ ግን ደኅና ነው። ለማን ነው የምናስቀምጠው? ለሚቀጥለው ገዢ። እሱ ደግሞ ገና እንደገዛው ሁሉንም አውልቆ ይጥልና የራሱን ያለብሳል።

ይህን የምለው ሰው ለመስደብ አይደለም። እንዲህ ከሚያደርጉት አንዱ እኔ ነኝ።

አንዲት ፒካፕ አለችኝ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበሯ ከገዛኋት ጀምሮ የሰው ክብደት አያውቅም ብል ብዙም አልዋሸሁ። ባለቤቴን ጥሩወርቅን አንድ ቀን ከገበያ ስመልሳት፣ "ቀሚስሽን አራግፈሽ ግቢ" አልኳት። አላራገፈችም፤ አልገባችም። ባጃጅ ጠርታ ሄደች። ማታ ቤት ስገባም፣ "ያንን ወንበር ብታገባው ይሻልህ ነበር" አለችኝ፤ እስካሁንም ባጃጅ ነው የምትሳፈረው።

ወደ ትራክተሩ ልምጣ። ሰሊጥና ማሽላ የማርስበት አሮጌ ትራክተር አለኝ፤ የሚነዱት አያ ሙላት ናቸው። አያ ሙላት በወጣትነታቸው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ ትራክተር ከእኔ አባት ዘመን ጀምሮ የነዱ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። እኔ በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ። የትራክተሬ ወንበር ግን አንተ ይላቸው ነበር።

ስፖንጁ ካለቀ ቆይቷል፤ ሞላው ተሰብሮ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ "አያ ሙላት፣ ወንበሩ እንዴት ነው?" እላለሁ። "ይወጋል" ይላሉ። "እናሠራዋለን" እላለሁ። እዚህ ቆላ ውስጥ ሳይዘራ የሚበቅል፣ አረምም የማያንቀው ነገር ቢኖር ይህ "እናሠራዋለን" የሚሉት ቃል ነው። አንድ ዓመት ጆንያ አጥፌ አነጠፍኩላቸው። በዓመቱ የተጣለ ትራስ አመጣሁ። በሦስተኛው ዓመት ጣውላ ቆርጬ ሞላው ላይ አጋደምኩና እንደ ትልቅ መሐንዲስ ራቅ ብዬ አየሁት። አያ ሙላት ጣውላውንም አዩ፤ እኔንም አዩ፤ ከዚያ ትራክተሩ ላይ ወጡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔማ በየዓመቱ ስረሳ ነው የኖርኩት።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ደረሰ። ሁለት ዝናብ ጥሎ ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈራችን፣ ለእርሻ ልክ ሆኖ ነበር። የእኛን ዋልካ የማታውቁት እንደሆነ፣ ዝናቡ ሲያንስ ድንጋይ ነው፤ ሲበዛ ትራክተር ይውጣል። መካከሏ ያለችው ጊዜ ጥቂት ቀን ናት፤ እሷ ካመለጠች የዓመቱ ሰሊጥ አብሯት ይሄዳል። ረፋድ ላይ የእርሻ ጎረቤቴ ደወለና፣ "ትራክተርህ መሃል ማሳ ላይ ቆሟል" አለኝ። ናፍጣ አልቆ ይሆናል፣ ወይም እኚህ ሰውዬ ወሬ ይዘዋል ብዬ እየተቆጣሁ በፒካፗ በረርኩ።

ስደርስ ሞተሩ ይጮኻል። አያ ሙላት መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ተቀምጠዋል።

"ምን ሆኑ? ዝናቡ እኮ እየመጣ ነው!"

"መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋው፤ ጎንበስ ማለት አልቻልኩም።"

አጠፋሁት። "ይውረዱ እንግዲህ።"

"ደሳለኝ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ እኔ የቁጣዬን መሄጃ አጣሁ።

ከአጠገብ ማሳ ሰዎች ጠርቼ ለአራት ተሸክመን አወረድናቸው። ልብሳቸው ናፍጣና ግራሶ ነው፤ ጫማቸው ዋልካ ተሸክሟል። ይህን ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጨዋታዬ ያለ እሱ አይቆምም። ተሸክመናቸው ወደ ፒካፗ ስንደርስ፣ እጄ ሳላዝዘው የሄደው ወደ ኋላ፣ ወደ ጭነቱ መዝጊያ ነበር። ከፈትኩት። አያ ሙላት በሰው ክንድ ላይ እንዳሉ የተከፈተውን ጭነት አዩ፤ ቀጥለው ፊቴን አዩ። መልሼ ዘጋሁትና የፊቱን በር ከፈትኩ። ያቺ መክፈትና መዝጋት ብዙ ጊዜ አልወሰደችም። እኔን ግን አሁንም ድረስ ትወስደኛለች።

ሐኪም ቤት ወጣቱ ሐኪም አገላብጦ መረመራቸውና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዲስኩ ነው የተጎዳው" አለኝ። እኔ ሞኙ የማረሻውን ዲስክ ያለ መስሎኝ፣ "እሱስ ደኅና ነው፣ ዘንድሮ ነው የቀየርኩት" አልኩት። ሐኪሙ ጣቱን ወደ አያ ሙላት ወገብ ቀሰረ። አያ ሙላት ከነሕመማቸው ሳቁ፤ ሳቁ ወገባቸውን ያዛቸውና አቃሰቱ። ሦስት ሳምንት ተኙ ተባሉ።

መሬቱ ግን ሦስት ሳምንት አይተኛም። በማግስቱ እኔው ራሴ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ። ምን አለ፣ በልጅነቴ ነድቼዋለሁ! የመጀመሪያውን ዙር እያፏጨሁ ዞርኩ። በሁለተኛው ፉጨቱ ቆመ። በሦስተኛው ያ ጣውላ፣ ያ የመሐንዲሱ ጣውላ፣ አከርካሪዬን አንድ በአንድ ሲቆጥረው ተሰማኝ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወርጄ መሬት ላይ በጎኔ ተጋደምኩ። አያ ሙላት በዚህ ወንበር ላይ ሦስት ክረምት ውለዋል። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሴም መናገር አልፈለግሁም።

ወንበሩን ፈትቼ ይዤ ኡስታ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ኡስታ ሱዳኖች ለእጅ ባለሙያ የሚሰጡት ማዕረግ ነው። ይማም የወሎ ልጅ ነው፤ የመኪና ወንበር ሥራን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተምሮ እዚያ ጦርነት ሲነሳ ተመልሶ መጥቶ ኒም ዛፍ ሥር ስፌት መኪናውን የተከለ ሰው።

"ቶሎ በል፣ ደኅና ሌዘር አልብስልኝ" አልኩት።

ወንበሩን ገልበጥ አድርጎ አየው። "ጋሼ፣ ቁስል ላይ ካባ እንድደርብልዎ ነው? ሞላው ይበየዳል። ሥሩን በከመነዳሪ ላስቲክ እወጥረዋለሁ። ከላዩ ግን ጠንካራ ስፖንጅ ይፈልጋል።"

"አድርግበታ!"

"የለኝማ። ሱቅ ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ እሱ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ቂጣ ይተኛል።" ከዚያም በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ፒካፗን አየ። "ያ የጎኑ ወንበር ማን ይቀመጥበታል?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

እዚህ ላይ ጮህኩ። ሌባም ያልኩት ይመስለኛል። ስፖንጅ ፍለጋ ከተማዋን ዞርኩ፤ ጎንደር ደወልኩ፤ "ነገ እንልካለን" አሉኝ፤ በነጋታውም "ነገ" አሉኝ። በስተ ምሥራቅ ደመናው እንደ ጥቁር ግድግዳ ቆመ። ወደ ይማም ተመለስኩና፣ "የፒካፗን ወንበር ቅደደው" አልኩት።

እንደ ሽንኩርት ላጠው። ፎጣው ወረደ፤ ጨርቁ ወረደ፤ ሌዘሩ ወረደ፤ ላስቲኩ ተቀደደ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ይማም በመዳፉ ተጫነው፤ ስፖንጁ ተመልሶ ተነሣ። "ጋሼ" አለኝ በትዝብት፣ "ይህ ሁሉ ጊዜ ምቾት ታቅፈው ነበር የሚሄዱት።"

በሁለት ቀን ጨረሰው። ልብሱን ከሌዘር ሳይሆን አየር ከሚያሳልፍ ሸራ ሰፋው፤ በማሰሪያ የሚወልቅ አደረገው። "በናፍጣ እንዳያጥቡት፤ በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያስጡት። ዝናብ ሲመጣ ይሸፍኑት፤ ሰው ሲቀመጥ ግን ይግለጡት" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር ነው የነገረኝ፤ እኔም እንደ ትንሽ ልጅ "እሺ" አልኩ።

ሰሊጡ እንዳያመልጠኝ ከነሹፌሩ ትራክተር ተከራየሁ። አያ ሙላትን ልጠይቅ ቤታቸው የሄድኩ ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ "አያ ሙላት፣ ያን ቀን... የኋላውን መዝጊያ የከፈትኩት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተወው" አሉኝ። "ጭነት ስለለመድክ ነው።"

ይቅርታ አደረጉልኝ ወይስ ሰደቡኝ? ቤቴ እስክደርስ ሳሰላስል ሄድኩ። ለጥሩወርቅ ብነግራት፣ "ሁለቱንም ነው" አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አያ ሙላት ወገባቸውን በሰፊ መቀነት አጥብቀው ማሳው ላይ ደረሱ። የማሽላው መሬት ገና አልታረሰም ነበር። ወጡ፤ ተቀመጡ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተመቻቹ። እኔ ታች ቆሜ እንደ ተፈታኝ ተማሪ አያቸዋለሁ።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው" አሉ። እስከ እኩለ ቀን አርሰው፣ ያለ ማንም ድጋፍ ወረዱና፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"በል ውጣ።"

"የት?"

"ሐኪሙ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈቀደልኝ። የከሰዓቱ ያንተ ነው።"

"አያ ሙላት፣ እኔ እኮ ወገቤን..."

"ወንበሩ ጥሩ ነው አልኩህ እኮ!" ብለው ወደ ጥላው ሄዱ።

ምን ይባላል? ወጣሁ።