የክፉው አጎት ሽምግልና

ተዋናይ መሆን ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የተዋናይ ጎረቤት ሆነው አያውቁማ! ተዋናዩ የሚሰደበው ድራማው በሚታይበት ሰሞን ነው፤ ጎረቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ክፍያ ጠበቃ ሆኖ ይኖራል። እኔ መካኒሳ ውስጥ ከተዋናዩ ጋሽ ደምሴ ጋር አጥር እጋራለሁና ይኼን ሙያ ሳልማር ተመርቄበታለሁ። ባለ ሱቁ «ያ አውሬ ጎረቤትህ ደህና ነው?» ይለኛል። «ኧረ እሳቸው የዋህ ናቸው፤ ለድመት ወተት የሚያሞቁ ሰው!» እላለሁ። «አየህ፣ ለድመት ነው እንጂ ለሰው መች ያዝናል!» ይለኛል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» የተባለው ቴሌቪዥን ሳይመጣ መሆን አለበት።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሙያው የገቡት በፈረንሳይኛ በር ነው። ወጣት ሳሉ ፈረንሳዮች ፊልም ሊያነሱ አዲስ አበባ መጡና ቋንቋቸውን የሚችል፣ ረጅም ፊት ያለው ሰው ፈለጉ። እሳቸው ደግሞ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ፊቱን ከአባታቸው አግኝተው ነበር። የሆቴል ዘበኛ ሆነው በፈረንሳይኛ «ማዳም የሉም፣ ሙሴ» አሉ፤ አለቀ። በሚቀጥለው ፊልም ሹፌር ሆኑ። ከዚያ በኋላ በመጣው ደግሞ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ተገደሉ። «አሟሟቴን ግን በጣም ነው ያደነቁት» ይላሉ፣ እስከ ዛሬ ደስ እያላቸው።

ፈረንሳዮቹ ሲሄዱ እሳቸው ወደ መድረክ፣ ከመድረክም ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ዳኛ፣ ቄስ፣ ነጋዴ፣ በሽተኛ፣ ያልሆኑት የለም። መሪ ተዋናይ ብቻ ሆነው አያውቁም። አይቆጭዎትም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ለምን ይቆጨኛል? የመሪ ተዋናይ ሥራው ማፍቀር ነው። የቀረውን ሥራ ሁሉ የምንሠራው እኛ ነን» አሉኝ። በኑሮው ይኼን ያህል የረካ ሰው በሰፈራችን አላየሁም።

በስተርጅና የደረሳቸው እንግዲህ በቴሌቪዥን ድራማ ክፉ አጎት መሆን ነው። የሟች ወንድማቸውን ሚስት ከነልጆቿ በክረምት ዝናብ ከቤት አባረሩ። አገር አለቀሰ።

ታናሽ ወንድሜ ቢንያም በዚያው ሰሞን ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሕይወት የምትባል ልጅ ላግባ አለ። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌ ማሰናዳቱ እኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የንስሐ አባታችንን ያዝሁ። ቅዱስ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከጢማቸው አያልፍም። ስለዚህ ተናጋሪ አስፈለገን። ከጋሽ ደምሴ በላይ ማን ሊናገር? ድምፃቸው ብቻውን ሚስት ያመጣል! ጀሞም ቴሌቪዥን እንዳለ ለአፍታ እንኳ አልታሰበኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በታክሲ ሄደን ደረጃውን እያለከለክን ወጣነው። የሕይወት እናት ወይዘሮ አስካለ ነጭ ለብሰው በሩን ከፈቱ። መስቀል ተሳለሙ፤ እኔን ሳሙኝ፤ ጋሽ ደምሴ ጋ ሲደርሱ ድርቅ ብለው ቆሙ።

«ይኼ ሰውዬ ቤቴ አይገባም!» አሉ።

ባላቸው አቶ ሽፈራው ከውስጥ «ኧረ አስካለ፣ ድራማ እኮ ነው!» ቢሏቸው፣ ሆዱ ውስጥ ክፋት ባይኖር ከየት ያመጣዋል ብለው መለሱ። እሱ አማላጅ ለሆነበት ቤት ልጄን አልሰጥም ሲሉም ጨመሩ። ከጓዳ ሕይወት ስታለቅስ ይሰማኛል። ቢንያም ደግሞ በስልክ «እንዴት ሆነ?» እያለ መልእክት ይልክብኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እውነት አለዎት እመቤቴ። እኔ እዚሁ ደረጃው ላይ እቆያለሁ፤ እነሱ ግን ይግቡ» አሉ።

ገባን። በሩ ክፍት ቀረ። የንስሐ አባታችን የመጣንበትን ጉዳይ ለጢማቸው ነገሩት። ማንም አልሰማቸውም፤ የሁላችንም ዓይን ደረጃው ላይ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ትንሽ ታገሡ፤ ከዚያ አልቻሉም።

«ለመሆኑ ያቺን ምስኪን ምን ልታደርጋት ነው? ቤቷን ትመልስላታለህ?» አሉ ወደ በሩ ዞረው።

«አልነግርዎትም እመቤቴ። ላልናገር ለድራማው ሠሪዎች ቃል ገብቻለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ከነገርከኝ ትገባለህ።»

እኔ በዓይኔም በአገጬም «ይንገሯቸው!» እያልሁ ምልክት ሰጠሁ። የወንድሜ ትዳር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተንጠልጥሎ ሰውየው ምን ያስባሉ?

«እመቤቴ፣ ዛሬ ይግቡ ስለተባልሁ የሰው ምስጢር ካወጣሁ፣ ነገ ልጅዎ ከባሏ ተጋጭታ የምትነግረኝን ምን ላደርገው ነው?» አሉ።

አቶ ሽፈራው ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው!» አሉ። ወይዘሮ አስካለም ተነሥተው በገዛ እጃቸው ወንበር አመጡና «ይግቡ፤ ይቀመጡ» አሉ። ከአንተ ወደ አንቱ ያለው መንገድ አጭር ይመስላችኋል? ወንድሜ ሚስት ያገኘው በዚያች መንገድ ነው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጋሽ ደምሴ ላባቸውን እየጠረጉ ካሜራ ፊት እንዲህ ፈርተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «እዚያ እኮ ከተበላሸ ይደገማል» አሉ።

ሠርጉ አማረ። ወይዘሮ አስካለና ጋሽ ደምሴ በስልክ የሚጠያየቁ ቤተሰብ ሆኑ። ያ ድራማም አለቀና፣ በአዲሱ ድራማ ደግና ጻድቅ አባት የመሆን ዕድል ደረሳቸው። እኔም ጥብቅና በቃኝ ብዬ እፎይ አልሁ። የመጀመሪያው ክፍል በታየ ማግስት ከእሳቸው ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ድምፃቸው እኔም ጋ ይሰማል።

«ኧረ በገብርኤል ጋሽ ደምሴ፣ ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው? አፉን በከፈተ ቁጥር እንቅልፌ ይመጣል! እባክዎ አንድ ሰው እንኳ ያባርሩልን!»