ቀይ ካልሲ ፍለጋ

መኪና የሚያስቆም ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እኛ ዘንድ የለም የሚሉ ካሉ ወይ መኪና የላቸውም፣ ወይ ሰውየውን መንገድ ላይ አውርደውት ሄደዋል። ሌላው ተሳፋሪ መንገዱን ሲያይ እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ዛፍ ያያል። ሌላው መቼ እንደሚደርስ ሲያሰላ፣ ለእሱ መድረስ ማለት በሁለት ወፎች መካከል የሚያጋጥም እንቅፋት ነው።

ሰዓት ሠሪው እንዲህ ያለውን ፍጡር ካገባ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሥራዋ መጠበቅ ነው። የሚመጣው በራሱ ሰዓት እንጂ በሰው ሰዓት እንደማይመጣ፣ ቢጎትቱት እንደሚበላሽ፣ ቢዘናጉም እንደሚቀድማቸው ስታውቅ ኖራለች። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ጥርሶችን ሲያጸዳና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ አሥራ ሰባቱም እኩል ይቆጥራሉ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያጋባ ዕጣ ፈንታ ያን ቀን መሳቅ አምሮት መሆን አለበት።

"አንዲት ደቂቃ" ትላለች ሚስቱ፣ በመንገድ ላይ። ሌላ ቃል የላትም። ይህን ስትል እጇ አስቀድሞ የበሩ መክፈቻ ላይ ነው።

ሰዓት ሠሪው ጉዳዩን እንደ ባለሙያ አጥንቶታል። የሚስቱ አጭሯ አንዲት ደቂቃ አሥራ አራት ደቂቃ ናት። ረጅሟ አንድ ሰዓት ከሩብ የፈጀች ሲሆን፣ የተመዘገበችውም አንድ ኤሊ አስፋልት ሲያቋርጥ ነው። ኤሊው መሃል ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ቀየረ። ሚስቱ በአንገት ልብሷ እያውለበለበች ግራና ቀኙን መኪና አስቆመች። ሊሳደብ የወረደ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሳይታሰብ ኤሊውን "አይዞህ፣ በዚህ በኩል" ሲለው ተገኘ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያን ቀን እንቁላሉ ራሱ ቀድሟቸው በደረሰ ነበር።

በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ የደረሱት ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሽመላ ነበር። ወንዝ ዳር ቆሞ ከጉሮሮው የሰፋ ዓሣ ለመዋጥ ይታገል ነበር። ሚስቱ ሙሽራዋን ስማ፣ ጥፋተኛ ሳትመስል፣ ዓሣው አልወርድ ስላለው ጥለነው ለመምጣት ልባችን አልቻለም አለቻት። ሙሽራዋም በዚያ ሁሉ ወከባ መሃል፣ በመጨረሻ ወረደለት ወይ ብላ ጠየቀች። ለሰዓት ሠሪው ያልገባው ይህ ነበር፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ከዚያ የዓሣውን መጨረሻ ይጠይቃል።

ታናሽ ወንድሙ መካኒክ ነው። እሷን "ሊቀ አዕዋፍ" ብሎ የሾማት እሱ ነው። ጋራዡ ሲመጡ በግራሶ የጠቆረ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ሊቀ አዕዋፍ እንደምን ሰነበቱ? ሰማዩስ ደህና ነው?" ይላታል። ለወንድሙ ደግሞ፣ ሰው ፍሬን የሚጨርሰው ቁልቁለት ላይ ነው፣ አንተ ግን ቁራ ባየህ ቁጥር ነው የምትጨርሰው ይለዋል። እሷ መልስ አላት፤ ፍሬን የተሠራው ለመቆም ነው ትላለች።

ከሁሉ የባሰችው ግን ቀይ ካልሲ ናት።

ሚስቱ በወጣትነቷ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። አንድ ቀን አስቸጋሪ ምጥ የያዛትን ሴት አዋልዳ፣ እናትም ልጅም ተርፈው፣ ማለዳ እጇን ልትታጠብ ወደ ውሃው ወረደች። ቄጤማው ሥር አንዲት ወፍ ቆማ ነበር። ከእርግብ ታንሳለች፤ ግራጫ ናት፤ ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ ነጭ መስመር አላት፤ እግሮቿ ደግሞ ካልሲ ያደረገች ይመስል ደማቅ ቀይ ናቸው። ተያዩ። ከዚያ ወፏ ቄጤማው ውስጥ ገባች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሚስቱ ኋላ የወፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ገዝታ ስታገላብጥ፣ ሁለት መንትያ የሚመስሉ ወፎች አገኘች። ልዩነታቸው የእግር ቀለም ብቻ ነው። ባለ ቢጫዋ በየኩሬው ሞልታለች። ባለ ቀይዋን ያየ ሰው ግን ብዙ አይደለም። "ቢጫ ካልሲ" እና "ቀይ ካልሲ" ብላ ስም አወጣችላቸው። መኪናዋን ከገዙ ጀምሮ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወደዚያ ሐይቅ ሄደው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቢጫ ካልሲ አይተው ተመልሰዋል።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ነገር መጣ።

አንድ እሑድ እንደ ልማዷ አስቆመችው። የእርሻ አጥር ላይ ነጭ ሳቢሳ አረፈ አለች። ሰዓት ሠሪው አየ። ሽቦ ላይ የተሰቀለ ፌስታል ነበር። ሚስቱ አቅርቦ ማሳያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፣ ከዚያም ዛሬ ረጋ ብሎ አርፏል አለች። እሱ ሳያርማት ሞተሩን አስነሳ። በሌላ ሳምንት ጉቶ ቀበሮ ሆነባት። በሦስተኛው ጉዞ ከከተማ ወጥተው አማቾቹ ቤት እስኪደርሱ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታይ ነበር። መኪናዋን ከገዙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓታቸው ደረሱ፤ እንዲያውም ሃያ ደቂቃ ቀድመው። ሰዓት ሠሪው ከመኪናው ሳይወርድ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀን የከፋ ጉዞ አያስታውስም።

የዓይን ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይኖቿን መረመረች። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለች። ግራው ዓይን ግን ከሞራው በስተጀርባ ሌላ ችግር አለበት፣ ስለዚህ ምን ያህል እንደሚመለስ አሁን ቃል አልገባም አለች። ቀጠሮው ለሐሙስ ተያዘ። ቤት ሲገቡ ሚስቱ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ እሑድ ሐይቁ ጋ እንሂድ አለችው።

ሄዱ። ሐይቁ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ በሩ ላይ ጠባቂ አለው፣ ውሃው ዳርም ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ አለ። ሚስቱ ተቀመጠች፤ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ባሏ እጅ ላይ አስቀመጠች።

"ንገረኝ" አለችው።

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አነሳ። ወፍ አለ አላት። ምን ዓይነት አለች። ቡናማ አለ።

"ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሰው 'ይህ ሰዓት ነው' ብሎህ ዝም ቢል፣ ምን ትለዋለህ?"

ነገሩ ገባው። ተስተካክሎ ተቀመጠና ወፉን እንደ ሰዓት ያየው ጀመር፤ መጀመሪያ ቅርጹን፣ ከዚያ መጠኑን፣ ከዚያ ጥቃቅኑን። ምንቃሩ እንደ መቆንጠጫዬ ጫፍ ቀጭን ነው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ትንሽ ታጥፏል አላት። ደረቱ ነጭ ሆኖ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ አለው፤ ነጠብጣቡ ረድፍ ይዟል። ሲራመድ በየሦስት እርምጃው ጅራቱን ያወዛውዛል፤ ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች ስሙን ነገረችው። ሌላ አገኘ። ያንንም ነገረችው። ክንፉ ሥር ያለችውን የአንድ ጣት ስፋት አረንጓዴ ሲያያት፣ ሳያስበው "አቤት!" አለ። ሚስቱ ፈገግ አለች፤ ወዴት እንደሚያይ ሳትጠይቀው አወቀችው።

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ሃያ ሦስት ዓይነት ቆጠሩ። ሰዓት ሠሪው እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አንዴም አላየም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ አጠገቧ ቆሞ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ክንዱን እያየ ሲቆጣ የኖረው ሰውዬ ማን እንደነበር ገረመው።

ሃያ አራተኛዋ ከቄጤማው ሥር ብቅ አለች።

"ትንሽ ናት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግራጫ። ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር አለ።"

ሚስቱ እጁን ያዘችው። "መስመሩ እስከ የት ይሄዳል?"

"ከዓይኗ አልፎ እስከ ማጅራቷ።"

"እግሯስ?"

"ጭቃ ውስጥ ነው። አይታይም።"

ጠበቁ። የሚስቱ ጣቶች እጁ ላይ አልላሉም። ወፏ ጭቃውን ትጭራለች፣ ትቆማለች፣ ትጭራለች። ሰዓት ሠሪው በሕይወቱ እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ጠብቆ አያውቅም። ምጥ የያዛትን ሴት የሚያዋልድ ሰው እንዲህ ይሆን ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ ወፏ አንድ ድንጋይ ላይ ዘላ ወጣች፤ ትንሽ ማዕበል መጥቶ እግሮቿን አጠበላት።

ሐሙስን አሰበ። ሐኪሟ ቃል አልገባም ያለችውን አሰበ። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ሚስቱ አታያትም፤ ሌላ ሰው በአካባቢው የለም፤ ወፏም መጥታ አትመሰክርበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ቃል ይሞላላታል። ምናልባትም ከሐሙስ በኋላ ሌላ ዕድል አይኖርም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ይህ ሰው ሰዓት ሠሪ ነው። ወደፊት የሚሮጥን ሰዓት ልክ ነው ብሎ ለባለቤቱ መልሶ አያውቅም፤ ባለቤቱ ቢቸኩልም፣ ቢለምነውም።

"ቢጫ ነው" አላት።

ሚስቱ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እንደበሰለ ሎሚ።"

በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሰይ" አለች።

ሰዓት ሠሪው ግራ ገባው። ምኑ ነው እሰይ የሚያሰኘው ብሎ ጠየቃት።

"ቀይ ናት ብትለኝ ኖሮ፣ ጠዋት የነገርከኝን ሃያ ሦስቱን በሙሉ አጣቸው ነበር" አለችው። "አይተህ ይሁን አዝነህልኝ ይሁን በምን አውቃለሁ? አሁን ግን ሃያ አራት አሉኝ።"

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አላነሳም። ለጥቂት ጊዜ በመነጽሩ ውስጥ ምንም አይታየውም ነበር።

ሲወጡ ጠባቂው መዝገቡን ገለጠ። ጎብኚዎች ያዩትን የሚያስመዘግቡበት ነው፤ የወፉ ዓይነት፣ ቀኑ፣ ያየው ሰው። በቀደሙት ዓመታት የሚመዘገበው የሚስቱ ስም ሲሆን፣ ሰዓት ሠሪው አብረው የመጡ በሚለው ሥር "ሹፌር" ተብሎ ይሰፍር ነበር። ሚስቱ ሃያ አራቱን በቃሏ አስጻፈች። ጠባቂው ያየውስ ማን ልበል እትዬ አላት፣ ለወጉ ያህል፣ ስሟን መጻፍ ጀምሮ።

"እሱ ነው" አለች ወደ ባሏ እያመለከተች። "ሁሉንም።"

ጠባቂው ቀና ብሎ አየው። ሰዓት ሠሪው ኮቱን ቆለፈ። ስሙን ሲጠይቀው ስሙን ነገረው፤ ሥራውንም ጨምርበት አለው።

ሐሙስ ሕክምናው ተደረገላት። ቀኝ ዓይኗ እንደታጠበ መስታወት ጠራ። ግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ እንደለየ ቀረ። ፋሻው ሲነሳ ሰዓት ሠሪው ከፊቷ ቆሞ ነበር። ደስ ብሎታል፣ ይህ አይጠረጠርም፤ ግን ሆዱ ውስጥ የሆነች ትንሽ ነገር፣ እንግዲህ ሥራህ አለቀ ትለው ነበር። ሚስቱ በአንድ ዓይኗ ከላይ እስከ ታች ካየችው በኋላ፣ አንተ ሰውዬ እኔ ሳላይ አርጅተሃል አለችው። ከዚያም ሐኪሟ የምትሰጠውን የዓይን ጠብታ መመሪያ ሰምታ እንደጨረሰች፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንገዱ ቀኝ የእኔ፣ ግራው የአንተ ነው ስትል ሥራ አከፋፈለች።

ስለዚህ አሁን መኪናው የሚቆመው እጥፍ ጊዜ ነው። መካኒኩ ወንድም፣ አንድ ሊቅ መች አነሰንና ሁለተኛ ተጨመረብን እያለ ፍሬኑን ይቀይራል።

ሰዓት ሊያሠሩ ወደ ሱቁ የሚሄዱ ሰዎችም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፦ ባትሪ ብቻ ለማስቀየር የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣም። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ግንባሩ ላይ ገፍቶ ስለዚያ እሑድ ያወራለታል። ያቺን ቀይ እግር ወፍ በመጨረሻ አዩዋት ወይ ብሎ የማይጠይቅ የለም። እሱም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነውና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ከተማው ሁሉ እንዲሰማለት በሚፈልግ ድምፅ ይመልሳል።

"አላየኋትም።"