የሌለ ማሳ እሸት

በዓይኑ ከሚያየው ይልቅ ኮምፒውተር የሚለውን የሚያምን ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሰበታ ላይ ገጥሞኛል።

የፉሪው ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ኢንተርኔት ቤት ገብተው የይዞታ ቅጽ አስሞሉ። ብሮውዘሩ ኩኪ በሚሉት ነገር የቀድሞውን ደንበኛ መልስ ይዞ ቆይቶ ኖሮ፣ በእሳቸው ቅጽ ላይ መልሶ ሞላው፦ «የእርሻ መሬት፦ የለም።» ማንም ልብ ሳይለው ተላከ።

«መሬት የለዎትም» ሲባሉ አብሬያቸው ሹሙ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ማሳዬ ያውና በመስኮትህ ይታያል» አሉት።

«ኦቦ፣ የለኝም ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሲስተሙ ይናገራል።»

ወደ መስኮቱ ዞር እንኳ አላለም። ምን ያድርግ? መስኮት ማኅተም የለው!

«ታዲያ በየመስከረሙ የማመጣልህን እሸት ከየት ቆርጬው ነው?»

ሹሙ መልሱን ፍለጋ ወደ ስክሪኑ ዞረ።