በረቡዕ ቅቤ ሳቢያ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቦታ፦ ኤምሬትስ፣ አጅማን ከተማ፣ አል ጁርፍ ሰፈር፣ የሱፐርማርኬታችን መጋዘን፣ በሽሮ ካርቶኖች ላይ

የተገኙ፦
1. አቶ ሙሐመድዘይን፣ የሱፐርማርኬቱ ባለቤትና ሰብሳቢ
2. ወ/ት ነፃነት፣ ዱባይ በሚገኝ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ የማስታወቂያ አማካሪ
3. ወ/ሮ ስንዱ፣ ገንዘብ ተቀባይ
4. ሽብሩ፣ ዕቃ ደርዳሪ፣ የማስታወቂያው ተዋናይና የዚህ ቃለ ጉባኤ ፀሐፊ

ያልተገኘች፦ ኤልሻዳይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ማዳሟ ስላልለቀቀቻት

ከአምስቱ የማስታወቂያ ኮሚቴ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ለሁሉም በወተት የፈላ ከረክ ሻይ አስመጥተው ስብሰባውን ከፍተዋል።

አጀንዳ 1፦ የሙከራ ውጤት

ቅዳሜ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ማስታወቂያ እሁድ ዕለት ለአሥር ደንበኞች በስልክ ታይቷል። በማስታወቂያው ፀሐፊው የሀገር ቤት ቅቤ በማንኪያ ቀምሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ወ/ት ነፃነት እንደገለጸችው ዘጠኙ ደንበኞች የሱቁን ስም አላስታወሱም፤ አሥረኛዋ የጎረቤታችንን ሱቅ ስም ጠርታለች። ከፀሐፊው ጀርባ የተሰቀለው ካላንደር ረቡዕ እንደሚል ግን አሥሩም አይተዋል። ረቡዕን በቀይ ያከበበው የቀረጻው ቀን እንዳይረሳው የሰጋው ፀሐፊው ራሱ መሆኑ ተረጋግጧል።

ሰብሳቢው፣ «እኔ ሙስሊሙ የማውቀውን ጾም አንተ እንዴት ትረሳለህ?» ብለዋል። ፀሐፊው ቅቤውን እንዳልዋጠው ቢያስረዳም ወ/ሮ ስንዱ ማንኪያውን ሲልስ በዓይኗ እንዳየች ዋላሂ ብላ ምላለች።

ሰብሳቢው «ቅቤው ዘይት ነው» የሚል ጽሑፍ ከሥር ይግባ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። የሚሸጠው ቅቤ መሆኑ ሲነገራቸው ሐሳባቸውን አነሱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ የፀሐፊው ፊት ተቆርጦ እጁ ብቻ እንዲታይ፣ በጾም ቀን ፍስክ የሚነካ ሠራተኛም ከማስታወቂያ እንዲታገድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ፀሐፊው ፈርቶ እጁን አውጥቷል።

አጀንዳ 2፦ የፀሐፊው አቤቱታ

ፀሐፊው እናቱን ካየ አራት ዓመት እንደሆነው፣ እሳቸውም ልጃቸውን በቴሌቪዥን ሊያዩ ለቅዳሜ ጎረቤት ሁሉ ጠርተው ዳቦ እንደሚጋግሩ አስረድቷል። ሰብሳቢው እናት የልጇን እጅ እንደማታጣ ገልጸው አጽናንተውታል። ፀሐፊው አልተጽናናም።

ውሳኔው ለእናቱ እንዲነገራቸው በቦቲም የቪዲዮ ጥሪ ተደረገ። እናቱ ወ/ሮ የሺአረግ ከወልድያ ሆነው ጉዳዩን ሰሙ። ከዚያም ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ሽብሬ፣ ዛሬም ረቡዕ ነው። የያዝከው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ፀሐፊው ሻይ መሆኑን ገለጸ። ሰብሳቢው ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ «ወተት አለበት» ሲሉ ጨመሩ። ወ/ሮ ስንዱና ወ/ት ነፃነት ብርጭቆአቸውን ካርቶን ሥር ደበቁ።

ወ/ሮ የሺአረግም፣ «ለንስሐ አባቱ እኔ እነግርለታለሁ። እናንተ ብቻ ፊቱን አትቁረጡብኝ፤ በጣም ናፍቆኛል» ብለው አለቀሱ። ፀሐፊው ያለቀሰ መሆኑ እንዳይመዘገብ ጠይቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ ማስታወቂያው ከነፊቱ፣ ከነቅቤውና ከነረቡዑ ቅዳሜ እንዲተላለፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስብሰባው ከጠዋቱ 5፡35 አብቅቷል። ወ/ሮ የሺአረግ የሱቁን ስም አልጠየቁም።