ጨዋ ድንጋይና ባለጌ ድንጋይ

በየሰፈሩ መሬት መሬቱን እያየ የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። ያየው ሁሉ ሳንቲም የጠፋበት ወይም ልቡ የተሰበረ ይመስለዋል፤ ደግ ሴቶችም ከንፈራቸውን ይመጡለታል። በእርግጠኝነት ልናገር የምደፍርባቸው ነገሮች ጥቂት ቢሆኑም፣ ይህን ግን እመሰክራለሁ፦ ያ ሰው አላዘነም። ድንጋይ እየመረጠ ነው።

በእኛ ሰፈር ያ ሰው የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በሙያ ፀጉር አስተካካይ፣ በማዕረግ ሊቀ ድንጋይ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲዬ ባያውቀውም የሚገባቸው ይመስለኛል። ሌላው ባለሙያ ስስ ምላጭ ገዝቶ፣ ተጠቅሞ ሲጥል፣ ክቡርነታቸው የሚላጩት ከአባታቸው በወረሱት ባለ እጀታ ምላጭ ብቻ ነው። እሱንም የሚስሉት ከወንዝ ዳር፣ ከሕንፃ ግንባታ፣ አንድ ጊዜም ከቀብር ሲመለሱ በለቀሙት ድንጋይ ነው።

ድንጋዮቹ ከመቶ ስልሳ ይበልጣሉ። አልጋ ሥር አሉ፤ ቁም ሣጥን ውስጥም በካልሲ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ባለቤታቸው በአንዱ ተረከዛቸውን የፈተጉበት ጊዜ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ነበር።

«ድንጋይ መስሎኝ እኮ ነው!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ድንጋይ አትበዪው፤ ይሰማል!»

አፈታተኑ ሥርዓት አለው። ድንጋዩን ውኃ ያጠጡና ምላጩን ወዲያና ወዲህ ያመላልሱበታል፤ ነጭ ጭቃ ሲያወጣ «ወተቱ መጣ» ይላሉ። ከዚያ ከማጅራታቸው አንድ ፀጉር ነቅለው ጆሯቸው አጠገብ ያንጠለጥሉና በስለቱ ይነኩታል። ፀጉሩ «ጢርር» ብሎ ከተቆረጠ ድንጋዩ ባለጌ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከወደቀ ጨዋ ነው። ልጅ ሳለሁ «ሰማሽ?» ይሉኝ ነበር።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«በቃ! የጨዋ ልጅ ነው!»

ታዲያ ዘንድሮ ተአምር ሆነ። ቀድሞ ከሃያ ድንጋይ አንድ ጨዋ ካገኙ ደስ የሚላቸው ሰው፣ በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ አከታትለው አገኙ። «ባለጌ ድንጋይ ከምድረ ገጽ ጠፋ!» እያሉ ለገባ ለወጣው አወጁ። የስታቲስቲክስ መምህሬ እንዲህ ያለ ውጤት ስታገኙ መጀመሪያ መለኪያውን ጠርጥሩ ይሉን ነበር። እኔ ግን ፈተና በዝቶብኝ ስለነበር፣ ከሩቅ ሆኜ ድንጋዮቹን አደንቅ ነበር።

አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ ጥግ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ የሠላሳ ዓመት ደንበኛቸው ልብስ ሰፊው የወንበሩን እጀታ ጨብጦ «አመመኝ!» አለ።

«ያምርብሃል! መች ሳያምርብህ ቀርቶ ያውቃል!» አሉት አጎቴ።

«አመመኝ እኮ ነው የምልህ!»

«እኔም አመሰግናለሁ።»

ልብስ ሰፊው አገጩን በመሐረብ ይዞ ሲወጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንቺ ንገሪው። እኛስ ኩራቱን እንዳንነካ ብለን ቻልነው። ከዚህ በኋላ ግን ሁላችንም ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት መሄዳችን ነው።»

ያኔ ገባኝ። የተለወጠው ድንጋዩ አልነበረም፤ ጆሯቸው ነበር። ለማይሰማ ጆሮ ድንጋይ ሁሉ ጨዋ ነው።

ሦስት ቀን ንግግር ጻፍኩ፤ መግቢያም ማጠቃለያም ነበረው። «ጋሼ፣ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን?»

ደገምኩት።

«ምን አልሽ?»

ክፍል ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ስባል እንባ የሚቀድመኝ እኔ፣ አራት ሰው ተራ በሚጠብቅበት ቤት ጮኽኩ፦ «ጋሼ፣ ጆሮዎ አይሰማም! ድንጋዮቹ ሁሉ ባለጌ ናቸው!»

ተራ ጠባቂዎቹ ጋዜጣ ውስጥ ተደበቁ፤ አንደኛው ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞታል። አጎቴ ምላጩን አጥፈው አኖሩት።

«የሰው ፊት አሳምሜያለሁ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱ፣ በሩን ዘጉ፣ አሥራ አንዱን ድንጋይ መስኮቱ ሥር ደረደሩ።

ይስላሉ፣ ፀጉር ይነቅላሉ፣ ወደ ጆሮዬ ያስጠጋሉ። «ባለጌ» እላለሁ፤ ባልዲ ውስጥ ይጥሉታል። «ባለጌ።» ባልዲ። ስድስተኛው ላይ አንጀቴ አልቻለም፤ «ጨዋ ነው» አልኩ። አጎቴ ፊቴን አዩ።

«ጆሮሽን ነው የተዋስኩት፤ አንጀትሽን አይደለም።» ባልዲ።

ዘጠነኛው ላይ ፀጉሩ ወደቀ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም።

«ይሄኛው… ጨዋ ነው።»

«አዝነሽልኝ እንዳይሆን!»

«እናቴ ትሙት፣ ጋሼ!»

«ተይ፣ እህቴን እንዳትጨርሺብኝ» አሉና ሳሙና እንኳ ሳይቀቡ የገዛ ጉንጫቸውን እስከ አገጫቸው ላጩ። ዓይናቸው አልተርገበገበም። በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የእኔንም እጅ ይዘው አስዳሰሱኝ። የቀሩት ሁለቱ ባለጌዎች ባልዲ ገቡ።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግረው፣ ልብስ ሰፊውን ከነአንገት ፎጣው ከማዶው ወንበር አስነሥተው አመጡት። «ና! አዲስ ጆሮ አግኝቻለሁ!»

አሁን ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር ስለ ድንጋይ ትንፍሽ አይሉም። «ይህችን ልጅ አየሃት? አሥር ድንጋይ ፊት ለፊት ባለጌ ብላ ያስጣለች! እንኳን ስለት፣ ዝምታ ትሰማለች!» ይላሉ፣ ስለማይሰሙ በጣም ጮክ ብለው፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር ይላል።

ማስረጃው አነስተኛ ነው ብዬ መከራከር በተገባኝ ነበር። ነገር ግን መጽሐፌን ከፍቼ ፊቴን እደብቅበታለሁ፤ ገጹንም አልገልጥም። ደግመው እስኪናገሩት እጠብቃለሁ።