ሰፈሩን ከሱቅ የጠበቀው ሳሎን

ከመከራ የሚድነው አስቀድሞ የሰጋ ሰው ነው። ይህን ታላቅ ጥበብ ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ሰፈሩ «እትዬ ቢሆንስ» ይላታል። ደመና ስታይ ጎርፍ፣ ልጇ ስታስነጥስ ሐኪም ቤት፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ይታያታል። ከፈራችው አንዱም ደርሶ አያውቅም። ያልደረሰውም እሷ ስለፈራች መሆኑን አትጠራጠርም።

አንድ ቀን ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ትንንሽ ሱቅና አገልግሎት መክፈት ይቻላል፤ የሚቃወም ካለ በጽሑፍ ያመልክት ይላል። በማግስቱ በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናት ልብስ ሰፊ የፊት ክፍሏን ስፌት ቤት ልታደርግ መሆኑ ተሰማ። ሴትዮዋ ጉልበቷን ስለታመመች ገበያ ድረስ መመላለስ አቅቷታል። ካልተፈቀደላት የስፌት መኪናዋን ሸጣ ሩቅ አገር ካለች ልጇ ዘንድ ጥገኛ መሆኗ ነው።

«እሷስ ታሳዝነኛለች» አለች እትዬ ቢሆንስ ለባሏ። «ግን ዛሬ መርፌ ከገባ ነገ ምን ይገባል?»

«ክር» አላት ባሏ ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

«አንተ ቀልድ። ስፌት ቤት ካለ ሰው ይሰበሰባል። ሰው ከተሰበሰበ ጫማ ይጠፋል።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችና በእጅ ጽሑፏ የተመሰገነች ስለሆነች ተቃውሞውን የመጻፍ ኃላፊነት በራሷ ላይ ወደቀ። «የሰፈራችንን ጸጥታ ከስፌት አደጋ ስለ መታደግ» ብላ ጀመረችው፤ መደምደሚያው ላይም ተቆጣጣሪ መጥቶ ሁኔታውን በዓይኑ እንዲያይ ጠየቀች። ፈራሚ እንዳይጉላላ ሳሎኗን ከፍታ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አኖረች።

መጀመሪያ የመጣው ጡረተኛው ሾፌር ነው። ፈረመ፤ ግን አልተነሳም።

«እትዬ፣ እጅሽ ካማረ አይቀር፣ ለውኃ መሥሪያ ቤትም አንድ ማመልከቻ ጣል አድርጊልኝ። ቧንቧዬ ከደረቀ ወሩ ነው።»

የፈረመን ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ጻፈችለት። በሦስተኛው ቀን ውኃው መጣ። ውኃው ሲመጣ ሰፈሩም መጣ። የዝውውር ጥያቄ አለ፣ ከአማት ጋር መታረቂያ አለ፣ ስሙ ስለተሳሳተበት መታወቂያ አቤቱታ አለ። ወረፋው ከበረንዳው ወርዶ መንገዱን ተሻገረ። በወረፋው የተጣሉም ነበሩ፤ አንድ ጥንድ ጫማም ጠፋ።

«አላልኩም?» አለች ለባሏ። «ስፌት ቤቱ ሳይከፈት እንዲህ ከሆነ፣ ሲከፈትማ አስበው።»

ልብስ ሰፊዋም ጉልበቷን ይዛ ወረፋ ጠበቀች።

«እህቴ፣ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፊልኝ። የኔ እጅ ከመርፌ ሌላ አያውቅም።»

እትዬ ቢሆንስ ማመልከቻውን አሳምራ ጻፈችው። መቃወም ሌላ፣ የእጅ ጽሑፍ ክብር ሌላ ነው።

በሳምንቱ፣ አርባ ሰው በፈረመበት ተቃውሞ መሠረት ተቆጣጣሪው መጣ። ወረፋውን ሲያይ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ገባ።

«ስፌት ቤቱ ይኼ ነው?»

«ኧረ እኔ ተቃዋሚዋ ነኝ» አለች።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

«ተራ እየጠበቅን ነው» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ ላይ። «ደግሞ ከኋላ መጥቶ ፊት መግባት አይቻልም፣ ጌታዬ።»

ተቆጣጣሪው ጻፈ፤ ያለ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት፣ መንገድ መዝጋት፣ ጸጥታ ማወክ። ከዚያ አንድ ቅጽ ሰጣት። «ግድግዳ የሚዋሰንዎት ጎረቤት ካልፈረመልዎት ዛሬውኑ ይዘጋል። የልብስ ሰፊዋም ፈቃድ ያለ እርስዎ ፊርማ አይጸድቅም።»

እትዬ ቢሆንስ እምቢታውን፣ ስድቡን፣ ሽማግሌ የሚያስፈልገውን ጠብ ሁሉ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ ቅጹን ተቀብላ ጭኗ ላይ አድርጋ ፈረመችና መለሰችላት።

«ሳታነቢው?»

«ምኑ ይነበባል? ጎረቤቴ አይደለሽ?»

እትዬ ቢሆንስ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ግዴለሽነት በሰፈሩ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ማንም ተነስቶ ሳሎኑን ሱቅ ቢያደርግ ይቺ ሴትዮ ትፈርማለች ማለት ነው? እሷ ግን ኃላፊነት የሚሰማት ሰው ናትና ልብስ ሰፊዋ በተራዋ ያቀረበችላትን ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የራሷ ጽሑፍ ስለሆነ እንከን አላገኘችበትም፤ ፈረመች።

ከበሩ ወጥታ ግን አንድ ነገር አሳሰባትና ተመለሰች።

«እህቴ፣ መኪናሽን ስትረግጪ ቀስ አድርጊ እሺ? ደንበኞቼ ይረበሹብኛል።»